ሰላምታ የሌለበት ፎቅ

ሐበሻ ሰላምታ የሚነፍግበት ቦታ አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? አለ። ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር፣ አንድ ግራጫ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የሐበሻ ሱቅ በሞላበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሲገናኙ ጉንጫቸው እስኪላጥ የሚሳሳሙት፣ «ልጆች ደህና? ቤት ደህና? ሥራስ?» እያሉ መንገድ ዘግተው ከኋላ ያለውን መኪና ሁሉ የሚያስጮኹት ሰዎች፣ እዚያ ፎቅ ላይ ሊፍቱ ተከፍቶ ሲተያዩ ዓይናቸው ይጠፋል። አንዱ ስልኩን ይጎረጉራል። አንዷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መውጫ ካርታ ለፈተና እንደሚቀመጥ ተማሪ ታጠናለች። ሦስተኛ ፎቅ የሚመጣ ሰው ምን ይዞት እንደሚመጣ ይታወቃላ! ስለዚህ ማንም ማንንም አላየም፤ ማንም እዚያ አልነበረም።

ሣህሊቱ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አታውቅም፤ እንደሷ የሚያከብረው ግን አልነበረም።

ሣህሊቱ ማለት ሚራክል ማይል ላይ፣ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ መውጫ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣ ትኬት የምትቀበል የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰውን ልጅ በመኪና መስኮት ስታየው ኖራለች፤ ሰው ደግሞ በመኪና መስኮት ሲታይ ያስንቃል። መርሴዲስ ይነዳና ትኬቱን ጠፋብኝ ብሎ መቀመጫ ሥር ይደባብሳል። ስልክ ላይ «አይ ላቭ ዩ» እያለ ለእሷ ግን ቀና ብሎ ደህና ዋይ ማለት ያቅተዋል። ሣህሊቱ ሁሉንም ትንቃለች። ፈረንጁን ትንቃለች፣ ሐበሻውን ደግሞ እጥፍ አድርጋ ትንቃለች፤ ፈረንጅ ባያውቅ ነው ትላለች፣ የኛ ሰው ግን እያወቀ ነው።

ሁለት ቫይረስ ነበረባት። አንዱ ኤችአይቪ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ክሊኒክም የእሱ ነው። እሱ ከያዛት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በየቀኑ ክኒኗን እየዋጠች አስታግሳው ትኖራለች። ሁለተኛው ሄፐታይተስ ሲ የሚሉት የጉበት ቫይረስ ነው። እሱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ምናልባት ሱዳን ሳለች በአንድ መርፌ አሥር ሰው ይወጋ ከነበረው ድሬሰር ይሆናል። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 አዲሱ የጉበት ክኒን መጣ። በቀን አንድ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት። ዋጠችው። ተመረመረች። ቫይረሱ ከደሟ ጠፍቷል፣ ድነሻል አሏት።

ፊሊፒኗ ነርስ ግን ወረቀት ላይ ጉበት ሥላ፣ በእስክሪብቶ ጫር ጫር አደረገችበት። «ቫይረሱ የለም፤ ጠባሳው ግን አለ» አለቻት። «ጠባሳ ያለበት ጉበት ላይ ካንሰር ሊበቅል ይችላል። በጊዜ ካገኘነው እናቃጥለዋለን። ሶ፣ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ። ሁልጊዜ።» ሣህሊቱ አስተርጓሚ እምቢ ብላ ነበር፤ በስልክ የሚመጣው አስተርጓሚም ሐበሻ ነዋ! ድምፅዋን ቢያውቅስ? በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ሦስት ጊዜ አስደግማ፣ ነገሩ በደንብ ገባት።

ድነሻል ሲሏት ደግሞ እንደ ጥጃ የምትቦርቅ መስሏት ነበር። ምን ዋጋ አለው! ቫይረሱ ሄዶ ድካሙ ቀረ። ከሺፍት ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ጋደም ስትል እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ የምትወደው ሥጋ ያቅለሸልሻታል። ለማን ትናገር? ታምሜያለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው እንዴት ድኜ ደከመኝ ይላል?

ተፈሪን እዚያ ፎቅ ላይ ያየችው ያኔ ክኒኑን በምትውጥበት በአሥራ ሁለቱ ሳምንት ነው። ተፈሪ ታክሲ ነጂ ነው፤ ስድሳ ሁለት ዓመቱ፣ ረጅም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ከጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር የማይጠፋ። አንድ ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ የመድኃኒት መስኮት ላይ ፊትና ኋላ ተሰለፉ። እሱ ጠርሙሱን ተቀበለ። እሷም ተቀበለች። አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ አንድ ዓይነት ክዳን። ተፈሪ ጣሪያውን አየ፣ እሷ ጫማዋን አየች። በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ሲገናኙ «ሣህሊቱዬ! የት ጠፍተሽ ነው ባክሽ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ሳማት።

«አለሁ፣ ሥራ ነው» አለችው።

እንዲህ ነበር የሚኖሩት። በየመጋቢቱና በየመስከረሙ ለአልትራሳውንድ ሲመጡ ክፍሉ ውስጥ ጥግና ጥግ ይዘው እንዳልተያዩ ይሆናሉ፤ ከዚያ ፌርፋክስ ወርደው ይሳሳማሉ። ሣህሊቱ አትጠላውም ነበር ያኔ። ደንብ አዋቂ ነው ብላ እንዲያውም ታከብረው ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2017፣ መጋቢት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሣህሊቱ በቀጠሮዋ ቀን ሊፍቱን ይዛ ወጣች። በሩ ተከፈተ። ጠረጴዛው ላይ፣ ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ የያዘች ልጅ ተቀምጣለች። ሶሊያና! የለተማርያም ልጅ ሶሊያና!

ለተማርያም ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላት፣ አፏ ሬዲዮ የሆነ፣ ለዚያውም ማስታወቂያ የማያቋርጠው ሬዲዮ። ሰው ሲፋታ ከባልና ሚስቱ ቀድማ የምታውቅ ሴትዮ ናት። እስከዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ልጆች ሣህሊቱን «ሳሊቶ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ እሷም ሳሊቶ የምትባል ሌላ ሴት የታመመች ይመስል ዘና ብላ ተነሥታ ትገባ ነበር። አሁን ግን ስሟን አጥርቶ የሚጠራ ሰው መጣባት። ሊፍቱ ውስጥ እንዳለች የመዝጊያውን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች።

«ሌላ ቀን እመጣለሁ» አለች ለራሷ። ሌላ ቀን አልመጣችም።

ሰኔ ላይ ሽሮ ልትገዛ ለተማርያም ሱቅ ገባች።

«ነይ ነይ ነይ፣ ጉድ ላሳይሽ!» አለች ለተማርያም ስልኳን ከሚዛኑ አጠገብ አንሥታ። «ተፈሪ! ታክሲ ነጂው! ፌስቡክ ላይ ወጥቶልሻል!»

ስልኩ ውስጥ ተፈሪ ሱፉን ለብሶ መድረክ ላይ ቆሟል። ማይኩን በሁለት እጁ ጨብጦታል። «ጉበትህ አልቋል አሉኝ!» እያለ ይጮኻል። «ቫይረስ አለብህ አሉኝ! ዛሬ ግን፣ ወገኖቼ፣ ደሜን መርምረው ፈልገው አጡት!» አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። «አሁንም በየስድስት ወሩ ና፣ በማሽን እንይህ ይሉኛል። አልሄድም! ጌታ የፈወሰውን ሰው በማሽን አይፈትሽም!»

የሣህሊቱ ደም ፈላ። አይ አንተ ውሸታም! ክኒኑስ? ሰማንያ አራት ክኒን፣ አንድ በአንድ የዋጥከውስ? ያ ጠርሙስ ከሰማይ ወረደ? ደግሞስ ያኛውን፣ ኤችአይቪውን የት ጥለኸው ነው መድረክ ላይ የወጣኸው? የምስጋናውን ነገር ሲመርጥ አያችሁት፣ የሚያኮራውን አውጥቶ የሚያሳፍረውን ኪሱ ውስጥ! ፓስተሩ ደግሞ ከጎኑ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ሁላቸውንም ናቀቻቸው፤ እልል የምትለዋን ሴትዮ ሳይቀር።

«እውነት ይሆን እንዴ?» አለች ለተማርያም ዓይኗን አጥብባ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች ሣህሊቱ።

ታውቃለች እንጂ! «አልሄድም» ያለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ሱቅ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ነርሷ ወረቀቱ ላይ የጫረችው ጠባሳ ትዝ አላት። ግን ምን ብላ ትናገር? «ሂድ ተመርመር» ብትለው፣ አንቺ በምን አወቅሽ ይላታላ! ከዚያም ንቀቷ ደረሰላት። ይበለው፣ አለች በሆዷ። አገር ፊት የዋሸ ሰው የዘራውን ይጨድ።

ለተማርያም ሽሮውን እየመዘነች ማማረሯን ቀጠለች። «የኔዋ ደግሞ ክሊኒክ ገብታልሻለች፤ እንዲያው አንድ ወሬ! አንድ! ማን መጣ፣ ማን ሄደ ስላት፣ ማሚ ሕጉ አይፈቅድም ትለኛለች። ስለምናት አፏን አትከፍትም። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ድንጋይ ወለድኩ።»

ይሄንን ደግሞ ማን ያምናል፣ አለች ሣህሊቱ በሆዷ። እናት ሬዲዮ፣ ልጅ ድንጋይ? የእባብ ልጅ እባብ ነው። ሽሮዋን ይዛ ወጣች።

መስከረም መጣ። ከክሊኒኩ ደብዳቤ መጣ፤ ማይክሮዌቩ ሥር አስገባችው። ደወሉላት፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አንድ ዓመት ሙሉ ጉበቷን ያላሳየች ሴት ናት፣ ተፈሪ ጉበቱን አላሳይም አለ ብላ የምትንቀው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ይህን የሚላት ሰው ቢኖር ግን መልስ ነበራት፤ እሱ ክዶ ነው፣ እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትለው ነበር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ያረጀ ቶዮታ ከሳጥኗ ፊት ቆመ። መስኮቱ አልወርድ ብሎ ሹፌሩ በሩን ከፈተ። ተፈሪ ነው።

ሣህሊቱ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ፌርፋክስ መንገድ ዳር ማቆሚያ ሞልቶ፣ እዚህ የሀብታም ጉድጓድ ውስጥ መግባት ምን የሚሉት ነው? ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ፓርክ ማድረጊያ የማያውቅ! ትኬቱን ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። የቆየው ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ከመሬት በታች ሰው ምን ይሠራል?

ከዚያ ግን አየችው። የሸሚዙ አንገት ሁለት ጣት ያስገባል። ቀበቶው ከሆዱ ሥር ወርዷል፣ ሆዱ ብቻውን ተነፍቷል። እግሩ ነጠላ ጫማ ውስጥ ነው፤ አብጦ የጫማው ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ይህን ሁሉ ነርሷ ከሰጠቻት ወረቀት ላይ በሥዕል ታውቀዋለች።

«ሣህሊቱዬ፣ እንደምን አለሽ?»

«አለሁ። አንተስ?»

«ይመስገን» አለ። «ሌላስ?»

«ምን ሌላ አለ።»

ከኋላው አንዲት ሴትዮ ጥሩምባ ነፋች። ተፈሪ አልተንቀሳቀሰም። «ሌላስ፣ ሣህሊቱ?» አለ እንደገና።

ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሂድ ታይ፣ ዛሬውኑ ሂድ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበር። ግን ያንን ብላ ስታበቃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረን ነበርን ማለቷም አይደል? የመድረኩ ጩኸት ትዝ አላት። «አልሄድም!» ሲል ድምፁ እንዴት ያብረቀርቅ እንደነበረ።

«ጸሎት እንዲህ ያከሳል እንዴ?» አለችው። «እግርህስ፣ ከመንበርከክ ብዛት ነው ያበጠው?»

ተፈሪ ፊቷን አየት አደረገ፤ ከዚያ ሳቀ። «እሺ በይ፣ ደህና ዋይ» ብሎ በሩን ዘጋና ሄደ። ሣህሊቱ ያን ቀን እስከ ሺፍቷ ማብቂያ ያለችውን እያስታወሰች ስትስቅ ዋለች። እንዴት አድርጋ ነገረችው!

የካቲት ላይ በእግሩ መጣ። በመኪና ማስገቢያው ቁልቁለቱን፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ሲመጣ አየችውና መጀመሪያ የጎዳና ተዳዳሪ መስሏት ነበር። ሳጥኗ ጋ ደርሶ መስታወቱን ያዘ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

«ሰባት ሴንቲሜትር ነው» አለ፣ ያለ ሰላምታ።

«ምኑ?»

«ተይው እንጂ፣ ሣህሊቱ። ምኑ እንደሆነማ ታውቂያለሽ።» ቆሞ ተነፈሰ። «የደም ሥሩ ውስጥ ገብቷል። አይቃጠልም፣ አይቀደድም፣ ሌላ ጉበትም አይሰጡኝም። በጊዜ ቢገኝ ኖሮ አለኝ ዶክተሩ።»

ሣህሊቱ ከሳጥኗ ወጥታ ወንበሯን አወጣችለት። ተቀመጠ።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ ምን?»

«ትሄጃለሽ ወይ?»

«እንዴታ! በየስድስት ወሩ» አለች። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ፤ ከተፈሪ የመድረክ ውሸት አንድ ነገር አያንስም ነበር።

ተፈሪ ራሱን ነቀነቀ። «ጎበዝ። እኔ ከሊፍቱ ነው የተመለስኩት።»

«ከየትኛው ሊፍት?»

«አምና መጋቢት። በሩ ሲከፈት የለተማርያም ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉን ተጫንኩና ወረድኩ። እምነት የሚባለውን ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ፈራሁ ከማለት አመንኩ ማለት አይቀልም? ሰውም እልል አለልኝ። ፓስተሩ እንኳ ለብቻ ጠርቶ፣ ወንድም ተፈሪ፣ ጌታ በሐኪምም ይሠራል፣ ቀጠሮህን እንዳታቋርጥ ብሎኝ ነበር። እሺ፣ እሺ አልኩትና ተውኩት። አገር ፊት አልሄድም ብዬ ደግሞ እንዴት ልሂድ?»

ሣህሊቱ የምትንቀውን ነገር ፈለገች። አዎ፣ ፈሪ ነው! ቀጣፊ ነው! በአንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ዓይን ሕይወቱን የሸጠ ጅል ነው! ሁሉም እውነት ነው፤ ግን እያንዳንዱን ስትጠራው የራሷ ጣት የሊፍቱን ቁልፍ ሲጫን ይታያታል። ያንኑ ወር፣ ያንኑ ቁልፍ። እሱን ለመናቅ መጀመሪያ ራሷን መናቅ ሊኖርባት ነው፤ ያ ደግሞ አልተለማመደችውም።

«የሚያናድደኝ ምን መሰለሽ?» አለ ተፈሪ። «ጥር ላይ አላስችል ብሎኝ ስሄድ ልጅቱ ተቀበለችኝ። ጋሼ ብላ፣ ተነሥታ። ትናንትና ለተማርያም ሱቅ ገብቼ ነበር፤ ፊትህ ምን ሆነ፣ ምን በላህ እያለች ስታፋጥጠኝ ዋለች። ምንም አታውቅም! ለካ ልጅቱ ለእናቷ ትንፍሽ አትልም።»

ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ድንጋይ ወለድኩ። ሣህሊቱ በጆሮዋ ሰምታው ነበር፤ ሽሮ እየተመዘነላት።

ተፈሪ ለመሄድ ሲነሣ ትከሻዋን ያዝ አደረገ። «መጋቢት ደርሷል» አላት። «ሂጂ። እስካሁን ብትሄጂም ባትሄጂም፣ ሂጂ።»

ውሸቷን አላመናትም ነበር ለካ።

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ሣህሊቱ ጥቁር መነፅር አድርጋ፣ ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ሊፍቱ ውስጥ ገባች። ሦስተኛ ፎቅ ተከፈተ። ሶሊያና ጠረጴዛው ላይ ናት። ሣህሊቱ ጣቷ ወደ ቁልፉ ሄዶ መለሰችው። ገባች፤ ወረቀቱን ሞላች፤ ልጅቱ ዓይኗን ሳታነሣ «ቴንክ ዩ» አለቻት። ይሄው ነው? ለዚህ ነው አንድ ዓመት ሙሉ?

ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው አለ። በወዲያኛው ጥግ ባለኮፍያ ሹራብ የለበሰ ወጣት ሐበሻ፣ አፍንጫው እስኪነካ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። በወዲህኛው ጥግ ተፈሪ። ሆዱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ሊያስቀዳ ነው የመጣው። አይቷታል። አየና ጣሪያውን ማየት ጀመረ፤ እየሞተም ደንብ ያከብራል!

ሣህሊቱ ተናደደች። በማን እንደተናደደች ለማወቅ ጊዜ አልወሰደችም። መነፅሯን አወለቀች፣ ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ምንጣፉን አቋርጣ ሄደችና አጎንብሳ ሳመችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አራተኛም።

«ተፈሪዬ! እንደምን አለህ? ልጆች ደህና? ቤት ደህና? ደህና ነህ ወይ?»

ድምፅዋ ፌርፋክስ ላይ እንደሚጮኸው ነበር የጮኸው። አንዲት ፈረንጅ ዘወር ብላ አየች። ባለሹራቡ ልጅ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ይመስገን» አለ ተፈሪ። «ይመስገን። አንቺስ? ሥራ ደህና?»

«እትዬ ሣህሊቱ!» ብላ ጠራች ሶሊያና ከበሩ። አጥርታ፣ ህ-ዋንም ሳትውጥ፣ እናቷ እንደምትጠራት። ያ ሁሉ ዓመት የፈራችው ነገር ይህ ነበር።

«አቤት!» አለች ሣህሊቱ፤ ገባች።

ቅባቱ ይቀዘቅዛል። ማሽኑን ሆዷ ላይ የሚያንሸራትተው ልጅ መጀመሪያ ስለ አየሩ ሲያወራ ነበር፤ በኋላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና ተመለሰበት። ሄዶ ዶክተሯን ጠርቶ መጣ። ሣህሊቱ ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እያየች፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት ትላለች በሆዷ።

«ትንሽ ነገር አለ» አለች ዶክተሯ። «አንድ ሴንቲሜትር ተኩል። በሌላ ማሽን አይተን እናረጋግጣለን። ያ የምንፈራው ቢሆንም እንኳ፣ ይህን በሚያህልበት ጊዜ በመርፌ ይቃጠላል። ሌላ አንድ ዓመት ብትቆዪ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።»

ሣህሊቱ ልብሷን ለበሰች። አዝራሯን ሁለት ጊዜ አሳሳተች። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ተፈሪ ገና ተራው አልደረሰም። አጠገቡ ተቀመጠች። ባለሹራቡ ልጅ አንድ ወንበር ጠጋ ብሏል፤ ሰላም ሊላቸው አስቦ አፍሮ የተቀመጠ ይመስላል።

«አንድ ተኩል ነው» አለችው። «ይቃጠላል አሉ።»

ተፈሪ ዓይኑን ጨፈነ። «እሰይ» አለ። «እሰይ፣ እሰይ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። በዝምታ ማን ይበልጣታል! ግን አልቻለችም።

«ጥቅምት ላይ እግርህን አይቼው ነበር» አለች። «ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ እዚያው ነው የገባኝ። ሂድ ታይ ልልህ ስችል ቀለድኩብህ። ንቄህ ነው። ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ተፈሪ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«እንደገባሽ። ፊትሽን አይቼ አውቄያለሁ።» ዞር ብሎ አያት። «ሣህሊቱ፣ በዚህ ከተማ ሰላሳ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። መኪና ማቆሚያ አጥቼ መሰለሽ እዚያ ጉድጓድ የገባሁት? ሂድ የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለው ሁሉ እልል ብሎልኛል፤ ልጆቼ አያውቁም፤ ጉዴን የምታውቂ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሃያ ደቂቃ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዴት ብዬ እንደምጀምርልሽ ሳስብ ነበር። ከዚያ መጣሁና ሌላስ አልኩሽ።»

ሣህሊቱ አንገቷን ደፋች። ያኔ ከኋላው የነበረችው ሴትዮ ጥሩምባ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«ጋሼ ተፈሪ!» አለች ሶሊያና ከበሩ።

ተፈሪ ለመነሣት የወንበሩን ክንድ ጨበጠ፤ አቃተው። ሣህሊቱ በብብቱ ሥር ገብታ አነሣችው። ክንዱ አጥንት ብቻ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ባለሹራቡ ልጅ መጥቶ ያዘው፣ ማንም ሳይጠራው። እርምጃ በእርምጃ ወደ በሩ ወሰዱት።

«ሌላስ?» አለችው ሣህሊቱ በጆሮው፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «ሌላስ፣ ተፈሪ?»

«ምን ሌላ አለ» አለና ገባ።